ከጭቃ የተሠራች ሴት ሁሉ አምላክ አይደለችም

እ.ኤ.አ. በ1961 አርኪዮሎጂስቱ ጄምስ ሜላርት በቱርክ ኮንያ ሜዳ፣ ቻታልሆዩክ በተባለው የ9 ሺህ ዓመት የገበሬዎች ሰፈር ሲቆፍሩ፣ እህል ይቀመጥበት ከነበረ ጎታ ውስጥ አንዲት የሸክላ ምስል አወጡ። ጡቷና ሆዷ የገዘፈ፣ እጆቿን ግራና ቀኝ በቆሙ ሁለት ነብር መሰል አውሬዎች ላይ ያሳረፈች ሴት ናት። ሜላርት አምላክ ናት አሉ። አርኪዮሎጂስቷ ማሪያ ጊምቡታስም በበኩላቸው በጥንታዊት አውሮፓ ሁሉ ትመለክ ስለነበረች እናት አምላክ ጻፉ። ስያሜው እስከ ዛሬ ከአንባቢ አእምሮ አልወጣም። እኔ ግን ማስረጃው ሳይመዘን የተሰጠ ፍርድ ነው ባይ ነኝ።

እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በኢያን ሆደር መሪነት ለ25 ዓመታት የተካሄደው ቁፋሮ ሌላ ታሪክ ይነግረናል። ከተገኙት ትንንሽ ምስሎች የሚበዙት የእንስሳት ናቸው፤ ሴትነታቸው በግልጽ የሚለይ ጥቂት ናቸው። ብዙዎቹ በችኮላ በጣት ተድቦልቡለው የተሠሩ ሲሆን፣ የተገኙትም በመሠዊያ ላይ ሳይሆን ከአመድና ከአጥንት ጋር በቆሻሻ ክምር ውስጥ ነው። በጥንቃቄ ከተሠሩት አንዷን ብናይ እንኳ፣ ከፊት ጡቷና ሆዷ የሞላ ሴት ስትሆን፣ ሲያዞሯት ጎድኗና አከርካሪዋ ያገጠጠ አጽም ናት። አንገቷ ላይ ጭንቅላት የሚሰካበት ቀዳዳ አለ። ይህ ሰፈር የሞቱ ሰዎችን ራስ ቅል ከመቃብር እያወጣ ያቆይ እንደነበር ስናስታውስ፣ ምስሏ ስለ ሞትና ስለ ቀደሙት ዘመዶች እንደምትናገር መጠርጠር ተገቢ ነው። «እናት አምላክ» የሚለው መጠሪያ ጀርባዋን ይሸፍንብናል።

የተጣለ ሁሉ ያልተቀደሰ አይደለም የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው፤ ሥርዓቱ ካበቃ በኋላ ዕቃው ሊጣል ይችላል። ነገር ግን እንዲያ ከሆነ ዋናው ቁም ነገር የመሥራቱ ድርጊት እንጂ ስትመለክ የምትኖር ምስል አልነበረም። የጎታዋ ሴት ግርማም አይካድም፤ ሆኖም የተከበረች አያት ወይም የቤት እመቤት ልትሆንም ትችላለች፤ አንዷ ደግሞ ለሌሎቹ ሁሉ ምስክር መሆን አትችልም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ አምላክነቷን መካድ የሴቶችን ክብር ከታሪክ መፋቅ ነው የሚለው ነው። ክብራቸው ግን በአጥንታቸው ተጽፎ ይገኛል። የምግብ አሻራ ምርመራ ወንዱም ሴቱም የሚመገቡት ተመሳሳይ እንደነበር አሳይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ የዘረመል ጥናትም በቤቶቹ ወለል ሥር የተቀበሩት በእናት በኩል ይዛመዱ እንደነበር አመልክቷል። በሰማይ ሴት አምላክን ያነገሡ ብዙ ሕዝቦች በምድር ሴቶችን ረግጠዋል። ስለዚህ ሙዚየሞችም መማሪያ መጻሕፍትም እያንዳንዱ ምስል የት፣ ከምን ጋር እንደተገኘ አስቀድመው ይንገሩን፤ ትርጉሙ ከዚያ ይከተል። ለእነዚያ የመጀመሪያ ገበሬዎች ልንሰጥ የምንችለው ትልቁ ክብር በራሳቸው ማስረጃ እንዲናገሩ መፍቀድ ነው።