ሱፐርማን ያልበረረበት ምክንያት

ልዕለ ጀግና የሚባለው ገጸ ባሕርይ፣ ማለትም ከሰው ዐቅም በላይ የሆነ ችሎታ ይዞ ደካማውን የሚታደገው የሥዕላዊ ልቦለድ ባለታሪክ፣ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በጉልበቱ ነው። ታሪኩ የቀዘቀዘ በመሰለ ቁጥር ደራሲዎች ለጀግናው አዲስ ኃይል፣ ለባላንጣውም የባሰ መሣሪያ ስለሚጨምሩ፣ አንባቢው ከጥቂት ዕትሞች በኋላ ከተማ ሲፈርስ እያየ እንኳ መደንገጡን ይተዋል። ጂን ሉን ያንግ የጻፈውና ጉሪሂሩ በሚል የጋራ ስም የሚሠሩ ሁለት ጃፓናውያት የሣሉት «ሱፐርማን ስማሽስ ዘ ክላን» ግን ከዚህ ልማድ ወጥቶ፣ ጀግናው ያለውን ጉልበት ለምን ሙሉ በሙሉ እንደማይጠቀምበት ይመረምራል። ከ2019 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. በሦስት ክፍል ታትሞ በኋላ በአንድ ጥራዝ የተሰበሰበው ይህ ሥራ፣ በቅርብ ዓመታት ከወጡት የሱፐርማን መጻሕፍት ሁሉ ፊት ሊቀመጥ ይገባዋል።

ታሪኩ የተወሰደው ከራዲዮ ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ይተላለፍ የነበረው የሱፐርማን ተከታታይ ድራማ፣ ጀግናውን ከአንድ የነጭ ዘረኞች ምስጢራዊ ማኅበር ጋር ያፋጠጠ ባለ 16 ክፍል ታሪክ አቅርቦ ነበር፤ ማኅበሩ በሌላ ስም ቢጠራም፣ ፊቱን በጨርቅ ሸፍኖና መስቀል አቃጥሎ ጥቁሮችን፣ አይሁዶችን፣ ካቶሊኮችንና ስደተኞችን ሲያሸብር የኖረውን ኩ ክሉክስ ክላንን እንደሚያመለክት ግልጽ ነበር። ያንግ ዘመኑን ሳይለውጥ፣ የጥቃቱ ዒላማ የሆነውን ቻይናዊ ቤተሰብ የታሪኩ እምብርት አድርጎታል። አባትየው ዶክተር ሊ በከተማው ጤና መምሪያ ሥራ አግኝቶ ቤተሰቡን ከቻይናውያን ሰፈር ወደ አዲስ መንደር ያዛውራል፤ ሚስቱም በቤት ውስጥ ሳይቀር እንግሊዝኛ እንድትናገር ይወተውታታል። ወንድ ልጁ ቶሚ በቀልዱና በቤዝቦል ችሎታው ቶሎ ይወደዳል። ላን-ሺን የሚለውን የቻይንኛ ስሟን ትታ ሮቤርታ መባል የጀመረችው እህቱ ግን በአዲሱ ሰፈር መቆሚያ ታጣለች፤ የመጽሐፉ እውነተኛ ባለታሪክም እርሷ ናት።

የያንግ ብልኃት ጎልቶ የሚታየው ሮቤርታን ከሱፐርማን ጋር ባስተያየበት መንገድ ነው። የአይሁድ ስደተኞች ልጆች የሆኑት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር በ1938 እ.ኤ.አ. ለንባብ ያበቁት የመጀመሪያው ሱፐርማን ይዘልል እንጂ አይበርርም ነበር፤ መብረሩ ከዓመታት በኋላ የተጨመረ ነው። ሌላ ደራሲ እንደ ተራ የታሪክ ዝርዝር ሊያልፈው የሚችለውን ይህን ጉዳይ ያንግ ትርጉም ሰጥቶታል፦ በእርሱ መጽሐፍ ሱፐርማን በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ የሚሮጠው መብረር ስለማይችል ሳይሆን፣ በልጅነቱ ችሎታውን ያዩ ሰዎች ስለደነገጡበት፣ ከሌላ ዓለም የመጣ ባዕድ መሆኑን ከሰው ብቻ ሳይሆን ከራሱም ስለደበቀ ነው። ከትውልድ ፕላኔቱ የመጣው ክሪፕቶናይት የተባለ አረንጓዴ ማዕድን፣ በሌሎች መጻሕፍት ጉልበቱን የሚያደክም መርዝ ብቻ ሲሆን፣ እዚህ ግን ሊረሳው የሚፈልገውን ማንነቱን በራእይ ያመጣበታል። ጀግናው ራሱን እየቆጠበ መሆኑን የምትነቃው፣ መደበቅ ምን እንደሚመስል በገዛ ኑሮዋ የምታውቀው ሮቤርታ መሆኗ፣ አንዲት ዓይናፋር ልጅ ከኃያሉ ጋር እኩል እንድትቆም ያደርጋል፤ በልዕለ ጀግና ታሪኮች ይህን ያህል ክብር የተሰጠው ሕፃን ማግኘት ብርቅ ነው።

ቻክ የተባለው ነጭ ልጅም በጥንቃቄ የተቀረጸ ነው። በቤዝቦል ቡድኑ የነበረውን የኳስ ወርዋሪነት ቦታ ለቶሚ ሲለቅ የተሰማውን ቅናት፣ የማኅበሩ መሪ የሆነው አጎቱ ወደ ጥላቻ ይመነዝረዋል፤ ልጁም በሊ ቤተሰብ ደጃፍ መስቀል ሲቃጠል ከአቃጣዮቹ ጎን ይቆማል። ያንግ ልጁን አይኮንንም፣ ነጻም አያወጣውም፤ ዘረኝነት አንድን ተራ ልጅ በምን ደረጃ እንደሚወስደው ብቻ ያሳያል። የመጽሐፉ ድክመት ያለው በሌላ ስፍራ ነው። የማኅበሩ የበላይ አለቃ ጥላቻው ገንዘብ መሰብሰቢያ እንጂ እምነቱ እንዳልሆነ ሲናገር፣ ክፋቱ ሁሉ ወደ አጭበርባሪነት ይወርድና ክብደቱ ይቀንሳል፤ በቅንነት የሚጠሉ ሰዎች ከሚነግዱት ይልቅ የከፉ ናቸውና። ያም ሆኖ መጽሐፉ በ2021 እ.ኤ.አ. በዘርፉ ትልቁ የሆነውን የአይዝነር ሽልማት በሁለት ምድብ ማግኘቱ ተገቢ ነው። በጥራዙ መጨረሻ ያንግ ስለ ክላን ታሪክና ስለ ራሱ የስደተኛ ልጅነት የጻፈው ሐተታም ሳይነበብ ሊታለፍ አይገባውም።

በዋሽንግተንም ሆነ በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ወላጆች በዶክተር ሊ ቤት ውስጥ ብዙ የሚያውቁት ነገር ያገኛሉ፦ የቋንቋው ሙግት፣ ለትምህርት ቤት ሲባል የሚያጥር ስም፣ ጎረቤት እንዳይታዘብ የሚደረገው ጥንቃቄ። ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ በማሳተም ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና ማቅረብ እንደሚቻል አሳይቷል፤ ስለ ያንግ መጽሐፍ ግን እስካሁን ለእነዚህ ቤተሰቦች ብዙም አልተወራላቸውም። ወላጆች መጽሐፉን ለልጆቻቸው ገዝተው ብቻ አይስጡ፤ አብረዋቸው ተቀምጠው ያንብቡት።