ስለ ግፊት መቀነሻ ዝርግ፤ አንዱ ይበቃልን?

የቧንቧ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ የቧንቧውን ስፋትና ዋጋውን ብቻ ጠይቆ ቢያዝዝ፣ በብዙው ዕቃ ላይ ጉዳት አይደርስበት ይሆናል። በሁለት ፍላንጆች መካከል ለሚታሰረውና ኦሪፊስ ለሚባለው ቀዳዳ ላለው የብረት ዝርግ ግን ይህ ጥያቄ ፈጽሞ አይበቃም።

የዝርጉ ተግባር የፈሳሹን ግፊት መቀነስና የሚያልፈውን መጠን መወሰን ነው። ቅነሳው ጥቂት ሲሆን አንድ ዝርግ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መግዛት የውጭ ምንዛሪን በከንቱ ማባከን ነው። ቅነሳው ብዙ ሲሆን ግን ሙቅ ውኃ በጠባቡ ቀዳዳ በኀይል ሲያልፍ ግፊቱ እጅግ ይወርድና የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል። ግፊቱ መልሶ ከፍ ሲል አረፋው እየፈረጠ ብረቱን ይቦረቡራል፤ ቧንቧውንም ያናውጣል።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ላሉ ፋብሪካዎች ይህ አደጋ ይብስባቸዋል። ስፍራው ከባሕር ወለል 2200 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለሆነ የአየሩ ግፊት 0.77 ባር ገደማ ነው፤ ውኃም የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ከፍታው ያልተነገረው የውጭ አገር አቅራቢ በባሕር ወለል ግፊት፣ ማለትም በ1.01 ባር፣ ቢያሰላ ስሌቱ ይሳሳታል።

ለምሳሌ የቦይለር ፓምፕ በ16 ባር የገፋው ትርፍ ሙቅ ውኃ ወደ ክፍት ማጠራቀሚያ የሚመለስ ቢሆን፣ ያንን ሁሉ ግፊት በአንድ ዝርግ መጣል አይገባም። ተከታታዩ ዝርግ ከ16 ወደ 8፣ ከ8 ወደ 4 እያለ በየደረጃው ይቀንሳል፤ ከፍተኛውን ቅነሳ በፊተኛው ያደርግና ለመጨረሻው እጅግ ጥቂቱን ያስቀራል። የየዝርጉም ቀዳዳ ከብቸኛው ዝርግ ቀዳዳ ሰፋ ስለሚል በዝቃጭ የመደፈኑ ነገር ይቀንሳል።

ተከታታዩ ዋጋው ከፍ ይላል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የርካሹ ዝርግ ኪሳራ በደረሰኝ ላይ አይታይም። ቧንቧው ሲበሳና ፋብሪካው ሥራ ሲፈታ ባለፋብሪካው ገንዘቡን፣ ነጋዴውም ስሙን ያጣል።

ስለሆነም አስመጪው ኤልሲ ከመክፈቱ በፊት የሚያልፈውን የውኃ መጠን፣ ከዝርጉ በፊትና በኋላ የሚኖረውን ግፊት፣ ሙቀቱንና የስፍራውን ከፍታ ከፋብሪካው መሐንዲስ ጠይቆ በትእዛዙ ላይ ሊያሰፍር ይገባዋል። ባለሱቁም እነዚህ አምስት ነገሮች ያልተጻፉበትን ትእዛዝ ባይቀበል ደንበኛውን አስከፋ አይባልም፤ ጠበቀው እንጂ።