የማን ክረምት? የሹራብ ንድፍ ስንመርጥ

ሰኔ ግም ሲል የየቤቱ ሐሳብ የልጆች ልብስ ነው። አቅሙ ያላት ከሱቅ ትገዛለች፤ እጇ የለመደላት ደግሞ ክርና መርፌዋን ታወጣለች። ነገር ግን ከመጽሔትም ሆነ ዛሬ ከእጅ ስልክ የምናገኘው የሹራብ ንድፍ አብዛኛውን ጊዜ ከአውሮፓ የመጣ ነው። «የክረምት ሹራብ» ሲለን የእነርሱን ክረምት ማለቱ እንጂ የእኛን ማለቱ አይደለም።

እኔ ራሴ ንድፍን መመርመር የተማርሁት በኪሳራ ነው። የመጀመሪያ ልጄ አምስት ዓመት ሲሞላው፣ በሥዕሉ ተማርኬ ሦስት ሳምንት ማታ ማታ የሠራሁለት ሹራብ በራሱ አልገባ አለ። «እማዬ፣ ጆሮዬን!» እያለ ሲያለቅስ እኔም አብሬው ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ንድፉን ስወቅስ ከረምሁ። በኋላ ረጋ ብዬ ሳየው ግን ጥፋቱ የሁለታችን ነበር። ንድፉ አንገቱ ምን ያህል መለጠጥ እንዳለበት አልተናገረም፤ እኔም የልጄን ራስ አልለካሁም።

እንግዲህ ክር ከመግዛታችን በፊት ንድፉን አንዳንድ ጥያቄ እንጠይቀው።

የመጀመሪያው፣ ለምን ዓይነት ብርድ ተሠራ? የሚል ነው። በመጽሔቶች ላይ ዘወትር የምናያቸው ባለ ብዙ ቀለም ሹራቦች ብዙዎቹ መነሻቸው ከስኮትላንድ በስተ ሰሜን ያሉት የሼትላንድ ደሴቶች ናቸው። በአንድ ዙር ሁለት ቀለም ክር ስለሚያዝ፣ ያልተሠራበት ክር በውስጥ በኩል ያልፍና ሹራቡን ድርብ ያደርገዋል። ለባሕር ነፋስ መልካም ነው። በእኛ ሐምሌ ግን እንዲህ ያለው ወፍራም ሹራብ አንድ ጊዜ በዝናብ ከራሰ ፀሐይ እስክትወጣ ቀናት ይቆያል። ውርጩ የሚበረታው ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ነው፤ በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። ስለዚህ ለልጆቻችን የሚሻለው ሳሳ ያለ፣ ፊት ለፊቱ በአዝራር የሚከፈት፣ ሲሞቅ የሚወልቅ፣ ሲበርድ የሚደረብ ሹራብ ነው። በውስጥ የሚያልፈው ረጅም ክርም የሕፃን ጣት ይይዛል። ባለ ቀለሙን ከወደዳችሁት ጌጡን በደረቱ ላይ ብቻ አድርጉት፤ እጅጌውን አንድ ቀለም ተዉት።

ሁለተኛው፣ ንድፉ የማን እጅ ነው? ጥሩ ንድፍ በአሥር ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዐይን መግባት እንዳለበት ይናገራል። ይህን የማይናገር ንድፍ፣ ሥዕሉ ምንም ቢያምር፣ አትመኑት። ምሳሌ ልስጥ። ንድፉ በአሥር ሳንቲ ሜትር 22 ዐይን ብሎ፣ የሹራቡን ዙሪያ 70 ሳንቲ ሜትር ለማድረግ 154 ዐይን አስጀምሩ ይላል። የእናንተ እጅ ጠበቅ አድርጎ 25 ዐይን ካስገባ፣ ያው 154 ዐይን የሚሰጣችሁ ከ62 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ነው። ደረቱ 60 ለሆነ ልጅ ይህ ከሸሚዝ በላይ አይለበስም። በመጀመሪያ ትንሽ ቁራጭ ሠርታችሁ፣ አጥባችሁና አድርቃችሁ ለኩ። የአንድ ምሽት ሥራ የሦስት ሳምንት ድካም ያድናል።

ሦስተኛው፣ ምን ክር ይጠይቃል? ሱፍ እርጥበት ቢያገኘውም ሙቀት ይይዛል፤ የመንዝ ሰዎች ከበግ ጠጉር ባናና በርኖስ የሚሠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው ሠራሽ ክር ዋጋው ይቀንሳል፣ ቶሎም ይደርቃል፤ ነገር ግን እሳት ሲነካው ቀልጦ ገላ ላይ ይጣበቃል። ከሰል በሚነድበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሻጩ «ሱፍ ነው» ካላችሁ ከክሩ ጥቂት ቆርጣችሁ በጉጠት ይዛችሁ አቃጥሉ። ሱፍ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ አመዱም ይፈረፈራል፤ ሰው ሠራሹ እንደ ዶቃ ይደርቃል።

ስለ ኮፍያና ስለ አንገት ልብስም አንድ ቃል ልበል። ረጅም ዘርፍ ያለው የአንገት ልብስ ለሚሯሯጥ ልጅ፣ በአገጭ ሥር የሚታሰር ገመድ ያለው ኮፍያም ለሕፃን አይሆንም፤ ሊያንቅ ይችላል። ሕፃን ሲተኛ ኮፍያው ይውለቅ። የልጅ አንገት አጭር ይሁን፤ ጫፉም በአዝራር ይያያዝ።

በመጨረሻም፣ ልጅ ያድጋል። እጅጌው ከትከሻ ወደ ታች የሚሠራበትን ንድፍ ምረጡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ጫፉን ፈትታችሁ ጥቂት ዙር መጨመር ትችላላችሁ። ክሩን ደግሞ በአንድ ጊዜ ግዙ፤ በወረቀቱ ላይ ያለው የቀለም ቁጥርም አንድ መሆኑን ተመልከቱ፤ አለዚያ እጅጌውና አካሉ ሁለት ዓይነት ቀለም ይሆናሉ።

ያ የመጀመሪያ ሹራብ አልተጣለም። ፈትቼ፣ ክሩን አጥቤ፣ የልጄን ራስ ለክቼ፣ ትከሻው ላይ ሦስት አዝራር አድርጌ እንደገና ሠራሁት። ሁለት ክረምት ለበሰው፤ ከዚያም ታናሹ ወረሰው። ንድፉን እናክብረው፤ ግን ልጁን እንለካ።