የባትሪውም ጎተራ ቆጣሪ ይሻል

የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰባቸው የገጠር ቀበሌዎች፣ በጤና ኬላና በገበሬ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ጣሪያ ላይ ገበሬው ሶላር የሚለውን የፀሐይ ሰሌዳ ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። በማዕከላዊ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1985 ለ300 ያህል አባወራዎች መብራት እንዲሰጥ የተተከለው የ10.5 ኪሎ ዋት ጣቢያ፣ በ1989 ወደ 30 ኪሎ ዋት አድጎ ለውሃ መሳቢያና ለእህል ወፍጮ ጭምር ማገልገሉ ሲታወስ፣ ሥራው በሀገሪቱ ገጠር ዕድሜ ያስቆጠረ መሆኑ ይታወቃል። ዛሬ ሊታሰብበት የሚገባው ከተከላው በኋላ ያለው አያያዝ ነው።

ሰሌዳው በጣሪያው ላይ እንዳለ፣ ፀሐይም እንደ ወትሮዋ እየወጣች፣ ባትሪው ግን ጊዜው ሳይደርስ ሲሞት ይታያል። ጥፋቱም ብዙ ጊዜ በዕቃው ወይም በአቅራቢው ይላከካል። ባትሪ ግን ጎተራ ነው። ቀን የገባውን ያህል እንጂ ከዚያ በላይ ሌሊት ሊወጣለት አይችልም። እርሳስና አሲድ ያለበት የተለመደው ባትሪ ደግሞ ከግማሽ በታች እየወረደ ሲውል ሲያድር፣ በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ጠጥረው ኃይል መያዝ ያቅታቸዋል። ስለዚህ የታችኛው ግማሽ እንደ ዘር እህል ይቆጠራል፤ ገበሬ በክፉ ቀን እንኳ ዘሩን የሚነካው ሲጨንቀው ብቻ ነው። ሊቲየም የተባለው ባትሪ ከዚህ ይበልጥ ዝቅ ቢል ይችላል፤ ዋጋው ግን ከበድ ያለ ነው።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። 100 ዋት የሆኑ ሁለት ሰሌዳዎች በበጋ ቀን የ5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኙ 1000 ዋት ሰዓት ይሰጣሉ፤ በሽቦ፣ በሙቀትና በባትሪው ውስጥ የሚባክነው ሲቀነስ 700 ያህል ይቀራል። ወጪው ደግሞ እንዲህ ነው። ባለ 5 ዋት አራት አምፑሎች ለ5 ሰዓት ሲበሩ 100፣ አሥር የእጅ ስልኮች ሲሞሉ 150 ያህል፣ 60 ዋት የሚወስድ ቴሌቪዥን ለ5 ሰዓት ሲከፈት 300 ይበላሉ። ይህ 550 ስለሆነ የሚተርፍ ይመስላል። የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚለውጠው ኢንቬርተር ግን ምንም ሳይሰካበት 10 ዋት ያህል የሚወስድ ከሆነ፣ ሌሊትና ቀን ሳይጠፋ ሲቆይ 240 ይጨርሳል። ያን ጊዜ ወጪው 790 ይሆናል፤ ባትሪውም በየቀኑ 90 ይጎድልበታል። ማንም ያልተጠቀመበት ዕዳ መሆኑ ነው! ኢንቬርተሩ ለ6 ሰዓት ብቻ ቢበራ ኖሮ ወጪው 610 ሆኖ ጎተራው ባልተነካ ነበር።

በክረምት ሰማዩ በደመና ሲሸፈን ገቢው ከግማሽ በታችም ሊወርድ ይችላል። ከዚያ ወዲህ ምርጫው የሽቦ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የአመራር ጉዳይ ይሆናል። ማታ ኳስ ለማየት በተከፈተው ቴሌቪዥን ባትሪው ካለቀ በኋላ፣ እኩለ ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ወደ ጤና ኬላው ብትመጣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የምታያት በእጅ ባትሪ ወይም በኩራዝ ነው። ቴሌቪዥኑን ዝጉ ማለት ለእርስዋ የሚከብድ፣ ለማኅበሩ ሊቀ መንበር ግን የሚቻል ነው። የእርሱ ስልክ ከተራ ውጪ የሚሰካ ከሆነ ግን ቃሉን የሚሰማው አይኖርም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠቅላላ ጉባኤው ተነጋግሮ ሊወስነው ይገባል። የጤና ኬላው መብራት መጀመሪያ፣ ቀጥሎ ስልክ፣ ቴሌቪዥን ሲተርፍ ብቻ። የሚተርፍ መኖሩን ለማወቅ አንድ ኃላፊ በየማለዳው ፀሐይ ሰሌዳውን ሳይመታና ምንም ሳይሰካ የቮልት መለኪያውን አንብቦ ይመዝግብ። ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ 12.7 ሲያሳይ ሙሉ፣ ወደ 12.1 ሲወርድ ግማሽ ገደማ ነው። 12.1 በታየበት ቀን ማታ ቴሌቪዥን አይከፈትም። የሰሌዳው አቧራ በበጋ ይጠረግ፤ ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ከሆነም የተጣራ የባትሪ ውሃ እንጂ የምንጭ ውሃ አይጨመርበት።

በደንብ የተያዘ ባትሪም ቢሆን ከጥቂት ዓመታት በኋላ መለወጡ አይቀርም። ስልክ ለማስሞላት ከአባላት የሚሰበሰበው ሳንቲም ለዚሁ ሊውል ሲገባው ለስብሰባ ሻይ የሚወጣበት ቦታ አለ። ገንዘቡ በማኅበሩ መዝገብ ለብቻው ተይዞ የቁጥጥር ኮሚቴው በየሦስት ወሩ ሊመረምረው ይገባል።