ሠዓሊውና የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ

ሥነ ጥበብና የቢሮ ሥራ እሳትና ጭድ ናቸው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በነሱ አስተያየት ሠዓሊ ማለት ሰዓት የማያከብር፣ ደንብም የማይገዛው ሰው ነው፤ ጸሐፊ ማለት ደግሞ ከፋይል በቀር ሌላ ነገር የማይታየው ነው። እኛ ግን በዚህ አንስማማም፤ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ታሪክም ይደግፈናል።

አሜሪካዊው ሠዓሊ ሶል ለዊት እ.ኤ.አ. በ1966 ዓ.ም. አስቀድሞ ባወጣው ደንብ የሚሠራውን ሠዓሊ ውጤቱን በተራ ከሚመዘግብ ጸሐፊ ጋር አመሳስሎት ነበር። በጀርመን አገር ተወልዶ በኒውዮርክ የሚኖረው ሐንስ ሃከ ደግሞ ከዚህ አልፎ ከእውነተኛው መዝገብ ቤት ገባ። እ.ኤ.አ. በ1971 ዓ.ም. ማንም ሰው ሊያያቸው የተፈቀዱትን የመንግሥት መዝገቦች አገላብጦ፣ በማንሃታን የሚገኙ የአንድ ባለርስት ቡድን ሕንፃዎችንና ባዶ ቦታዎችን በ142 ፎቶግራፎች አሳየ። የየቦታውን አድራሻ፣ ባለቤት ተብሎ የተመዘገበውን ማኅበርና የንብረቱን ግምት በጽሕፈት መኪና ጽፎ አያያዘው። በሥራው ውስጥ ስድብም ውዳሴም የለም። ነገር ግን በየመዝገቡ ተበታትነው የተለያዩ ይመስሉ የነበሩት ማኅበሮች ጎን ለጎን ሲሰለፉ፣ የአንድ እጅ ጣቶች መሆናቸው ተገለጠ።

ሥራው በዚያው ዓመት በጉገንሃይም ቤተ መዘክር እንዲታይ ታስቦ ነበር። ዳይሬክተሩ ቶማስ ሜሰር ግን ይህንንና መሰሎቹን ሥራዎች ተቃውመው ኤግዚቢሽኑን ሰረዙት። አዘጋጁ ኤድዋርድ ፍራይም ከሠዓሊው ጐን በመቆማቸው ከሥራቸው ተሰናበቱ።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት አስተዳደር እናያለን። አንደኛው እያንዳንዱን ወረቀት በሥርዓት አስቀምጦ ለጠየቀው ሁሉ ይከፍታል። ሁለተኛው ደግሞ የተከፈተውን መልሶ ይዘጋል። አንድ ሹም ቤቱን ከክርክርና ከክስ መጠበቅ አለበት የሚል ቢኖር እውነቱን ነው። ሆኖም ቤትን መጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ በመንግሥት መዝገብ የተጻፈውን ከሕዝብ ዓይን መሸሸግ ግን ሌላ ነገር ነው። ደግሞስ መሸሸጉ ምን ጠቀመ? ያ የተከለከለ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. የኒውዮርኩ ዊትኒና የባርሴሎናው ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር በኅብረት ገዝተውት ዛሬ በክብር ተቀምጧል። በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ የተቀጠርን ወጣቶች የፋይል ሥራን አንናቀው። በመሳቢያችን ያለው ወረቀት የአንድ ሰው ቤት፣ የአንድ ሰው ኪራይ፣ የአንድ ሰው አቤቱታ ነው። ሠዓሊው ያለ መዝገብ ጸሐፊው ባዶ እጁን በቀረ ነበር፤ እኛም የሠዓሊውን ዓይን ካልተዋስን፣ ሺህ ፋይል ብናገላብጥ ከቁጥርና ከማኅተም በስተጀርባ ያለውን ሰው ሳናይ ጡረታ እንወጣለን።