ረቂቁን በቁና

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ሲወጡ ሽሮ ሜዳ ላይ ግራና ቀኝ ተሰቅሎ የሚታየው የዶርዜ ሸማኔ ሥራ፣ ኩታውም ጋቢውም ባለጥበቡም ቀሚስ፣ ዋጋው በብር ይነገራል፤ ነገር ግን ጥምቀት በደረሰ ቍጥር ገዢዪቱን ሌላውን ሱቅ ሁሉ አሳልፎ ወደ አንዱ ነጋዴ የሚመልሳት፣ ነጋዴውንም ያለ ዋስና ያለ ፊርማ ለሸማኔው ክሩን በዱቤ የሚያሰጠው ነገር በማናቸውም መዝገብ ተጽፎ አይገኝም።

ከዚሁ ገበያ ሳይርቅ፣ ተማሪዎች ሲሙሌሽን በሚሉት የንግድ ጨዋታ ሲለማመዱ ባየሁበት ክፍል ግን፣ ይህ ረቂቅ ነገር «የደንበኛ አመኔታ» ተብሎ፣ ከ100 እጅ 72 ሆኖ በኮምፒዩተሩ መስኮት ተቀምጧል። የማስታወቂያ ገንዘብ ሲጨመር ይወጣል፤ ሲቀነስ ይወርዳል። አንዱ ተማሪ የማይረባ ሸቀጥ ሸጦ ያጎደለውን አመኔታ በሚቀጥለው ዙር በማስታወቂያ ገዝቶ ሞላውና አሸነፈ፤ ባልንጀሮቹም አጨበጨቡለት። (እውነቱን ለመናገር፣ እኔም እጄን አንሥቼ ነበር።)

የጨዋታው ጠበቆች መልስ አላቸው፤ የሚናቅም አይደለም። የኤም.አይ.ቲው ሊቅ ጄይ ፎሬስተር እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ አይለካም ተብሎ ከስሌት የተተወ ነገር ኃይሉ ዜሮ ነው እንደ ማለት ይቈጠራል፤ ዜሮም ሐሰትነቱ አስቀድሞ የታወቀ ቍጥር ነው። ይሁን፣ ቍጥር ይሰጠው። ቍጥሩ ለተጫዋቹ መገለጡና በገንዘብ መሸመቱ ግን የነገሩን ምሥጢር ያፈርሰዋል፤ በመኪና የታተመውን ጥለት የእጅ ሥራ ነው ብሎ የሸጠ ነጋዴ በሰው ኅሊና ውስጥ ስሙ ምን ያህል እንደ ጎደለ የሚያየው መስኮት የለውም፣ የሚያውቀውም የቆየችው ደንበኛው በሰላምታ ብቻ ስታልፈው፣ ያውም ከረፈደ በኋላ ነውና።

የፕሩሲያ መኰንኖች በዚህ ፈተና ከእኛ ቀድመው አልፈዋል። ራይስቪትስ እ.ኤ.አ. በ1824 ያቀረበው የጦርነት ጨዋታ በሠንጠረዥና በዕጣ ጠጠር ይመራ ነበር፤ ፌርዲ ዱ ቬርኑዋ በ1876 ሠንጠረዡን ትቶ ፍርዱን ልምድ ላለው ዳኛ አሳልፎ ሰጠ። ዳኛ ያዳላል ይሉኝ ይሆናል፤ ገበያም ያዳላል።

እንግዲህ የንግድ መምህራን ሆይ፣ በሚመጣው ሴሚስተር በሸማ ንግድ ያረጁ አንድ የሽሮ ሜዳ ሰው ጋብዛችሁ በዳኛው ወንበር አስቀምጡ፤ የሰጡትንም ነጥብ እስከ መጨረሻው ዙር ለተማሪው አትንገሩት።