ልብ ጆሮ ውስጥ ሲመታ

«ማታ ጋደም ስል ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ ዱብ፣ ዱብ ይላል። እናቴ ንፋስ ነው ትለኛለች። አንድ ክሊኒክ ብሄድ ‹ከታምቡርሽ ጀርባ ሰማያዊ ነገር ይታያል፤ ፈሳሽ ስለሚሆን በስተን እናውጣው› አሉኝ። ላስበሳው ወይስ ይቅርብኝ?» ስትል የጠየቀችን የ24 ዓመት እህታችን ናት።

እህታችን፣ ለጊዜው አታስበሺው! ድምፁ ሲጀምርሽ ሁለት ጣትሽን የእጅሽ አንጓ ላይ አድርገሽ የደም ትርታሽን አዳምጪ። ጆሮሽና እጅሽ እኩል የሚመቱ ከሆነ ነገሩ ኢርፎን ከሚያመጣው ጭው የሚል ጩኸት ይለያል። ብዙ ጊዜ ከደም ዝውውር ጋር የተያያዘ ነው። (ደም ማነስ፣ ደም ግፊትና ከልክ በላይ የሚሠራ እንቅርትም ያመጡታልና እነሱንም ተመርመሪ።)

ከታምቡሩ ጀርባ አየር ያለባት ጠባብ ክፍል አለች። ጎረቤቶቿ ግን ኃይለኞች ናቸው። ከፊቷ ደም ወደ አንጎል የሚያደርሰው ካሮቲድ፣ ከሥሯ ደግሞ ደም ከጭንቅላት የሚያወርደው ትልቁ ደም መልስ ያልፋሉ። የሚለያቸው ስስ አጥንት ነው። አንዳንድ ሰው ሲፈጠር ይኸ አጥንት ይጎድለዋል፤ ወይም የደም ሥሩ መንገዱን ስቶ ክፍሏ ውስጥ ይገባል። ያኔ ሐኪሙ በመብራት ሲያይ ደም መልሱ ሰማያዊ፣ ካሮቲዱ ቀላ ያለ ሆኖ ይታየዋል። ግሎመስ የሚባል ደም የሞላበት እጢም ቀይ ሆኖ ይታያል። ሴቶች ላይ ይበዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ካንሰር አይደለም፣ የሚያድገውም ቀስ ብሎ ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ፈሳሽም ሰማያዊ ሊመስል ይችላል። ፈሳሽ ነው ተብሎ የተበሳው ነገር የደም ሥር ሆኖ ቢገኝ ደሙን ማቆም ጭንቅ ነው፤ ካሮቲድ ከሆነማ ለስትሮክ፣ ለሞትም ያደርሳል። «ለናሙና ትንሽ እንቁረጥ» የሚለውም ያው ነው።

ስለዚህ የአንገት በላይ ስፔሻሊስት ዘንድ ሂጂና ድምፁ ከልብሽ ጋር እንደሚመታ ንገሪው፤ ካልነገርሽው ላይጠይቅሽ ይችላል። ከመብሳት በፊት ሲቲ ስካን እንዲያዝልሽም ጠይቂ። ዋጋው እንደሚከብድ አይጠፋንም፤ ግን አጥንቱ መኖር አለመኖሩን አጥርቶ የሚያሳየው እሱ ነው። የደም ሥር አቀማመጥ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ምንም አይነካም፤ ካርድሽ ላይ ይጻፍልሽ፣ ወደፊት ጆሮሽን ለሚያይ ሁሉ ተናገሪ። ግሎመስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በኦፕራሲዮን ይወጣል።

እናትሽ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ይዘው ከመጡ በትሕትና እምቢ በያቸው። የክብሪት እንጨቱም ይቅር። መስማት በድንገት ከቀነሰ፣ ፊትሽ ከተጣመመ ወይም ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ያኑ ቀን ሆስፒታል ሂጂ።